ስለ ታናናሽ ፍጥረትና ስለ አጭር ግጥም

ሰው የሚያከብረውን ነገር የሚለካው ብዙ ጊዜ በቁመቱ ነው። ተራራውን፥ ዝሆኑን፥ አንበሳውን፥ የዋርካውን ዛፍ ቀና ብሎ ያያል፤ ያደንቃል፤ ይገጥምለታል። ከእግሩ በታች የሚሄደውን ግን የሚያስታውሰው በነከሰው ጊዜ ብቻ ነው። በአገራችን ግጥም ፈረስና በሬ፥ አንበሳና ነብር የተከበረ ስፍራ አላቸው፤ ዝንብና ቁንጫ ግን የሚጠሩት ለስድብ ወይም ለምሳሌ ነው። «ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ መሶብ አይከፍትም» እንላለን። ዝንቡ መሶብ ለመክፈት ብሎ ተሰብስቦ እንደማያውቅ የሚከራከርለት ጠበቃ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ታናሽ ፍጡር ለእኛ የማይጠቅም ቢሆን፥ የምናወጣበት ትምህርት ባይኖር፥ ይባስ ብሎም የሚጎዳን ቢሆን፥ እንዲያው እንደ ተፈጠረ አይተን እውነቱን ልንናገርለት ይገባናልን? ጥያቄው የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስላል። ሆኖም በመርሳ ከተማ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን ይህን ያህል ያከራከራቸው ነገር አላስታውስም። የተነሣውም ሦስት መስመር ብቻ ባላት በጃፓኖች ግጥም ምክንያት ነው።

ስለ ጃፓን እኛ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስንጠይቅ ኖረናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ አገር ተልከው ነበርና «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን አወጡ። አባቶቻችን እነዚህን መጻሕፍት ሲገልጡ የፈለጉት የመርከቡን፥ የፋብሪካውን፥ የትምህርት ቤቱን ምሥጢር ነበረ፤ መፈለጋቸውም ተገቢ ነው። እኔ ግን ከጃፓን ጋራ የተዋወቅሁት በሌላ በር ነው። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከባሕር ማዶ የተላኩ አሮጌ መጻሕፍት የሞሉበት አንድ ሣጥን ነበረ። ከነዚያ በአንዱ ውስጥ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጐሙ ጥቂት የጃፓን ግጥሞች አገኘሁ። የሚናገሩት ስለ ቁንጫ፥ ስለ ዝንብ፥ ስለ እንቁራሪት፥ ስለ ቀንድ አውጣ ነበረ። ከሦስት መስመር በኋላ ገጹ ባዶ ነው። ያን ያህል ባዶ ወረቀት ለአንዲት ቁንጫ የሚሰጥ ሕዝብ መኖሩን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ይህ ግጥም ሃይኩ ይባላል። ስሙን ያወጣለት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበረው ማሳኦካ ሺኪ ነው፤ ግጥሙ ግን ከእርሱ በፊት ብዙ ዘመን የኖረ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1644 እስከ 1694 የኖረው ማትሱኦ ባሾ አንዲት እንቁራሪት ወደ አሮጌ ኩሬ ስትዘል የተሰማውን ድምፅ በ1686 በሦስት መስመር ጻፈ፤ ያች እንቁራሪት ዛሬ ከብዙ ነገሥታት ይልቅ ስሟ የታወቀ ነው። የሃይኩ ሕግ አጭር ነው። የፊተኛው መስመር አምስት፥ መካከለኛው ሰባት፥ የኋለኛው አምስት ድምፅ ይይዛል፤ በጠቅላላው 17 መሆኑ ነው። ከዚህም ጋራ ወራቱን የሚያመለክት አንድ ቃል ይገባበታል። እንቁራሪት ከተጠራች ጸደይ ነው፤ ቢንቢና ቁንጫ ከተጠሩ የሙቀት ወራት ነው፤ በሌሊት የሚዘምሩት የፌንጣ ወገኖች ከተጠሩ ደግሞ መኸር ገብቷል ማለት ነው።

ይህን ሕግ ወደ አማርኛ ማምጣት ይቻላልን የሚል አለ። እኔስ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለአማርኛ ይቀርባል ባይ ነኝ። ካና የሚባለው የጃፓኖች ጽሕፈት እንደ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት አዋሕዶ ይይዛልና። ክርክር የሚነሣው በሳድስ ላይ ነው። «ክንፍ» ስንል በወረቀት ላይ ሦስት ፊደል አለ፤ ከአፍ የሚወጣው ግን በአንድ ትንፋሽ ነው። ታዲያ አንድ እንበለው ወይስ ሦስት? አንድ የሥራ ባልደረባዬ በጆሮ ይቆጠር እያለ ብዙ ጊዜ ተሟግቶኛል። እኔ በፊደል እንዲቆጠር ወሰንሁ። ጃፓኖቹ ራሳቸው አናባቢ የሌለውን የ«ን» ድምፅ እንደ ሙሉ አንድ ይቆጥሩታል፤ ደግሞም በፊደል ከሆነ የአሥር ዓመት ልጅ በጣቱ ሊቆጥረው ይችላል። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያዘጋጅ «ቅኔ ይቆጥራል» እንደሚባል ሳስብ፥ መቁጠርና መግጠም በእኛም ዘንድ የቆየ ዝምድና እንዳላቸው አያለሁ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ሆኖ ስንቱን ሊቅ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶታል! ማሳጠርንስ ከባዕድ መማር አያስፈልገንም ነበር።

ወራቱን የሚናገረው ቃል ግን ከጃፓን ሊመጣ አይችልም። መርሳ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ ብርቱካንና ማንጎ የሚበቅልባት፥ ዙሪያዋን ማሽላና ጤፍ የሚዘራባት ሞቃት ከተማ ናት። ስለዚህ ተማሪዎቼን ስለ በረዶ እንዳይጽፉ ከለከልኋቸውና ይልቅስ የታናናሽ ፍጥረትን የቀን መቁጠሪያ እንዲያዘጋጁ አዘዝኋቸው። እንዲህም አድርገው ጻፉ። ዝናም እንደ ጀመረ ማታ ክንፍ ያለው ምስጥ ከመሬት ይወጣል። በሐምሌ እንቁራሪት ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። በመስከረም ቢራቢሮ ከአደይ አበባ ጋራ ይመጣል፤ ዝንብም አብሮ ይመጣል፤ ስለ ዝንቡ ግን በአዲስ ዓመት ዘፈን የሚያነሣ የለም። በኅዳር ማር ይቆረጣል። በበጋ በጎተራው ውስጥ ነቀዝ ሥራውን ይጀምራል። አንድ ልጅ በመጨረሻ ላይ «ቅማል፥ ዓመቱን ሙሉ» ብሎ ስለ ጨመረ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ትክክል ነው ብዬ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

የመጀመሪያዎቹ ግጥሞች በቀረቡ ጊዜ ግን ችግሩ ታየ። አብዛኞቹ ስለ ጉንዳን ጽፈዋል፤ ጉንዳኑም በሁሉም ዘንድ ትጉህ ነው፤ ሁሉም ሰነፍ ሰው ከእርሱ እንዲማር ይመክራሉ። አንዱን ልጅ፥ «ያየኸው ጉንዳን ምን ተሸክሞ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። «እግሩስ ስንት ነው?» አልሁት። «አራት» አለኝ። ልጁን አልወቅሰውም። በመጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉ ሰው ወደ ጉንዳን ተልኳል፤ ከአራቱ ታናናሽ ጥበበኞች መካከልም ጉንዳንና አንበጣ ተቆጥረዋል። በቁርኣንም የንብን፥ የጉንዳንንና የሸረሪትን ስም የያዙ ምዕራፎች አሉ። ስለዚህ የመርሳ ልጅ በቤተ ክርስቲያንም ያድግ በመስጊድ፥ ታናሹ ፍጡር ምልክት መሆኑን እየሰማ ያድጋል፤ ይህም ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ያ ሰነፍ ሰው የተላከው ሄዶ እንዲያይ ነበረ። የእኛ ተማሪ ሳይሄድ ተመለሰ።

በማግሥቱ ሁሉንም ወደ ግቢው አወጣኋቸው። እያንዳንዱ አንድ ፍጡር መርጦ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይነካው እንዲመለከት፥ በግጥሙም ውስጥ «እንደ»፥ «ይመስላል»፥ «ትጉህ»፥ «ብልኅ» የሚሉትን ቃላት እንዳያስገባ አዘዝሁ። ሩብ ሰዓት ለሕፃን ረጅም ጊዜ ነው፤ ለመምህርም እንዲሁ። ያ ጉንዳኑን ባለ አራት እግር ያደረገው ልጅ በክፍሉ ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ ቆየና ይህን አመጣልኝ፤

ጉንዳኗና
አንድ ፍሬ ጤፍ
ደጃፉ ላይ።

ታላቅ ግጥም ነው አልልም። ነገር ግን እግሮቿ ስድስት መሆናቸውን፥ ፍሬዋን ወደ ኋላ እየሄደች እንደምትጎትት፥ በደጃፉ ስንጥቅ ሦስት ጊዜ እንደ ጣለቻትና ሦስት ጊዜ እንዳነሣቻት ሳልጠይቀው ነገረኝ። ይህን ሁሉ በግጥሙ ውስጥ አላስገባውም፤ ይህን ሁሉ አይቶ ግን ነው ያሳጠረው። ጉንዳኗ ትጉህ ናት ወይ ብዬ ብጠይቀው፥ «እኔ እንጃ፤ እልኸኛ ናት» አለኝ።

አንዲት ተማሪ ደግሞ የቤት ሥራውን ያመጣችው መብራት ከጠፋበት ምሽት በኋላ ነው። ምስጥ በፋኖስ ዙሪያ ሲተራመስ ቆይቶ ክንፉን አራግፎ ሲሄድ አይታ ነበርና እንዲህ ጻፈች፤

ፋኖሱ ሥር
ክንፍ ብቻ ቀረ፤
ዝናሙ ቆመ።

ምስጥ የሚለው ቃል በግጥሙ ውስጥ የለም፤ አንባቢ ራሱ ያመጣዋል። ክንፍ ያለው ምስጥ ክንፉን የሚያገለግልበት ለአንድ በረራ ብቻ ነው፤ ከዚያ አውልቆ ይጥለዋል፤ ከዶሮና ከወፍ አፍ ያመለጠውም ጥንድ ጥንድ ሆኖ መሬት ገብቶ አዲስ መንግሥት ይመሠርታል። ይህን ነገርኋት። «ግጥሙ ላይ ልጨምረው?» አለችኝ። የሳይንስ ደብተርሽ ላይ ጨምሪው አልኋት።

እዚህ ላይ በእኛ ቅኔና በሃይኩ መካከል ያለውን ልዩነት መናገር አለብኝ፤ የጥያቄያችን ሥር ያለው በዚህ ነውና። አንጥረኛ ጌጡን ሲሠራ ቅርጹን መጀመሪያ በሰም ያበጃል፤ ሰሙንም በጭቃ ይሸፍነዋል። በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶውን ስፍራ ወርቁ ይሞላዋል። ሰምና ወርቅ የተባለው የቅኔ መንገድ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ባለቅኔው ንብን ቢጠራ ንቧ ሰም ናት፤ ወርቁ ንጉሡ ነው፥ ወዳጁ ነው፥ ወይም ፈጣሪው ነው። ሰሚው ወርቁን ካገኘ በኋላ ሰሙ የት ፈሰሰ ብሎ የሚጠይቅ አይደለም። እንግዲህ እኔ ልጠይቅ። ያን ሰም ማን ሠራው? ሠራተኛዪቱ ንብ ከሆዷ ሥር ካሉት ዕጢዎች በቀጭን ቅርፊት መልክ እያወጣች፥ በአፏ እያላመጠች፥ ባለ ስድስት ማዕዘን አድርጋ ሠራችው። በሥራ ወራት ዕድሜዋ ስድስት ሳምንት ያህል ነው። አንጥረኛውም ባለቅኔውም የተጠቀሙት በእርሷ ሥጋ ነው።

ቅኔን እየነቀፍሁ አለመሆኔን አንባቢ ይረዳልኛል። በጃፓን ግጥም ልለውጠው የምሻ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ወርቅ ብቻ የሚፈልግ ዐይን በንብ ላይ አይቆምም። ለማኝ በደጃችን ሲቆም የእኛ ጽድቅ ወርቅ ይሆናል፥ እርሱ ሰም ይሆናል፤ ሳንቲሙን ሰጥተን ስንመለስ የእግሩን ቁስል አላየነውም። መምህርም ቢሆን ሰነፍ ተማሪውን ለሌሎች ምሳሌ አድርጎ ሲናገር የልጁን ስም ይረሳል። በትምህርት ቤት ዘመኔ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር ነውና በዚህ ላይ ረጅም ንግግር ልናገር እችል ነበር፤ ግን ወደ ቁንጫችን እንመለስ።

ቁንጫንና ዝንብን ከሁሉ ይልቅ የገጠመላቸው ኮባያሺ ኢሳ የተባለው ጃፓናዊ ነው። በ1763 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከገበሬ ቤት ተወለደ፤ እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት፤ ከእንጀራ እናቱ ጋራ አልተስማማምና በወጣትነቱ ከቤት ወጥቶ ሄደ። ሸምግሎ ካገባ በኋላ የተወለዱለት አራት ልጆች ሁሉም በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ ሳቶ የተባለችው ሴት ልጁ በ1819 በፈንጣጣ ሞተች፤ ሚስቱም በ1823 ሞተች። በ1827 ቤቱ ተቃጠለ፤ ከቃጠሎው በተረፈው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ሲኖር ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፈ። የጻፋቸው ሃይኩዎች ወደ 20,000 ይጠጋሉ። ይህን ያህል ኀዘን የደረሰበት ሰው ስለ ቁንጫ የሚጽፍበት ልብ ከየት አገኘ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ የኢሳ ቤት ድሀ ቤት ነበረ፤ በድሀ ቤትም ቁንጫና ዝንብ አብረው የሚያድሩ ጎረቤቶች ናቸው። የጻፈው ስለሚያውቃቸው ነው። በርኅራኄው ብቻ የሚያደንቁት አሉ፤ እኔን ግን የሚደንቀኝ ዝንቡን ዝንብ አድርጎ መተዉ ነው። ልጆቹ ለሞቱበት ሰው ዝንቡን የነፍስ ምሳሌ ማድረግ እጅግ ቀላል ነበረ።

እንግዲህ ይህን የሚጽፍ ልጅ ደግ ሰው ይሆናልን? በዚህ ነገር ላይ ብዙ የሚመኩ መምህራን አሉ፤ እኔ እንደነርሱ አልመካም። በመርሳ ልጆች ጥንዚዛ ይዘው እግሯን በክር ያስሩና እያዞሩ ያበርሯታል፤ በክር ላይ ሆና ስትዞር የምታሰማውን ድምፅ ይወዱታል። ከተማሪዎቼ አንዱ ስለ ጥንዚዛ ክፍሉን ሁሉ ጸጥ ያሰኘ ግጥም አነበበ፤ በዕረፍት ሰዓት በመስኮት ብመለከት ክሩ በእጁ ነው። ግጥሙ ውሸት አልነበረም፤ ልጁም ግብዝ አልነበረም። ማየት አንድ ነገር ነው፥ መራራት ሌላ ነው። ከክፍሉ ከተመለሰ በኋላ፥ «እግሯ ተቆረጠ» ብሎ ራሱ ነገረኝ፤ ከዚያ በፊት የተቆረጡትን እግሮች ግን ቆጥሯቸው እንደማያውቅ ርግጠኛ ነኝ። ይህ ጥቂት ነው። ጥቂት መሆኑን እያወቅሁ ማስተማሬን ቀጠልሁ።

አንዳንድ ወላጆች ደግሞ በሌላ ወገን መጡብኝ። አገር በችግር ላይ ሳለ፥ ሒሳብና እንግሊዝኛ ሳይጠና፥ ልጅ ግቢ ውስጥ ተንበርክኮ ጉንዳን ሲያይ መዋሉ ምን ይባላል አሉኝ። ለዚህ መልስ መስጠት አይከብድም። መርሳ ወባ የሚያሠቃያት አገር ናት። ወባ የምታስተላልፈው ቢንቢ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ራሷን ዝቅ፥ ጅራቷን ቀና አድርጋ ታዘነብላለች፤ ሌሎቹ ቢንቢዎች ከግድግዳው ጋራ ተስተካክለው ይቀመጣሉ። የምትነክሰውም ሴቲቱ ብቻ ናት፤ ደሙን የምትፈልገው ለእንቁላሏ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ ለፈተና ያውቀዋል፤ ሩብ ሰዓት ግድግዳውን ያየ ልጅ ግን እቤቱ ገብቶ በጣቱ ያሳያል። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በማሽላ አገዳ ውስጥ ገብቶ የሚበላውን ትል፥ አገዳ ቆርቁር የሚሉትን፥ የሚያጠኑ ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ከእኔ ተማሪ የተለየ አይደለም፤ ቅጠሉ ላይ የተበሱትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች አጎንብሰው ይመለከታሉ፥ ይቆጥራሉ፥ ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል እንጂ መነሻቸው አንድ ነው።

የሚከብደው ጥያቄ የመጣው በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ተዘግተው ልጆቹ በየቤታቸው ነበሩ። ማሽላው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የአንበጣ መንጋ በወሎ ቆላ ወረደ። ልጅ ሽማግሌ ሳይቀር ቆርቆሮ እየመታ፥ ጅራፍ እያጮኸ፥ ጢስ እያጤሰ በእርሻ ላይ ዋለ። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ያረፈ መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይይዛል፤ በአንድ ቀንም የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ይበላል። በ1958 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በአገራችን 167,000 ቶን እህል እንዳጠፋ ተጽፏል። ቁጥሩ ለሚያነበው ቁጥር ነው። ለጎረቤቴ ለገበሬው ግን አንድ እርሻ ነበረ፤ ያም እርሻ ከቀትር እስከ ማታ አለቀ።

ይህ ጎረቤቴ ከሳምንታት በኋላ በደጄ ሲያልፍ ቆመና፥ «መምህር፥ ልጆቹን ስለ ተባይ ያስገጥሟቸዋል ሲሉ ሰማሁ፤ እንጀራዬን ለበላው ነው እንዴ የሚገጥሙለት?» አለኝ። ቡና አቅርቤ አስቀመጥሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ በሕይወቱ ጉንዳን ሆን ብሎ የረገጠ አይመስለኝም። ግን ጥያቄው እውነተኛ ነው። «እርሱም የፈጣሪ ሥራ ነው» ብዬ ብመልስለት አፌን ሞልቼ መናገር እችል ነበር፤ የጎተራዬን እህል አንበጣ አልነካውም ነበርና። እንዲህ ያለ ደግነት በሌላ ሰው ኪሣራ የሚገዛ ነው። «እንረግመዋለን» ማለትም ከዚያ የተሻለ አይደለም፤ አንበጣ እርግማንን አይሰማም።

ስለዚህ የማውቀውን ነገርሁት። አንበጣ ለብቻው ሲኖር ከፌንጣ የማይለይ፥ ከመሰሎቹ የሚሸሽ፥ ማንንም የማይጎዳ ፍጡር ነው። ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለው ሊቅ በ1921 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እስኪያስረዳ ድረስ ብቸኛውና የመንጋው ሁለት የተለያዩ ወገኖች እየመሰሉ ኖረዋል። ዝናም ዘንቦ ምድረ በዳው ሲለመልም ይበዛሉ፤ ቅጠሉ ሲደርቅ በቀረችው ጥቂት ልምላሜ ላይ ይጨናነቃሉ፤ የኋላ እግራቸው እርስ በርሱ በተነካካ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጠባያቸው ይለወጣል፤ ከመሸሽ ይልቅ መከተል ይጀምራሉ፤ በኋላም መልካቸው ሳይቀር ይለወጣል። ጎረቤቴ በጸጥታ አዳመጠኝና፥ «መነካካት ነው በለኛ!» አለ። እዚህ ላይ ስለ ሰውና ስለ ሁከት አንድ ምሳሌ ማውጣት እንዴት እንዳማረኝ አንባቢ ይገምት። ተማሪዎቼን የከለከልሁትን ለራሴ መፍቀድ ስለማይገባኝ ትቼዋለሁ።

«እሺ፤ ታዲያ ይህን ማወቁ ማሽላዬን ይመልሳል?» አለኝ። አይመልስም አልሁት። «ታዲያ ግጥሙስ?» አለኝ። ግጥሙም አይመልስም። ነገር ግን አንበጣው ሄዷል፤ በሬዲዮ የሚነገረው ቁጥርም ይረሳል፤ በዚያ ቀን በዚያ እርሻ ላይ የሆነውን ነገር ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚይዝ ሰው ካልተገኘ፥ የደረሰበት ጉዳት እንኳ የእርሱ መሆኑ ይቀራል፤ የመላው ዞን ሪፖርት አንድ መስመር ይሆናል። እኔ ያሰብሁት ይህን ነበረ፤ በደንብ ማስረዳቴን ግን እጠራጠራለሁ፤ ሲኒውን አስቀምጦ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበርና።

ያች የምስጥ ክንፍ ግጥም የጻፈችው ልጅ፥ አሁን ከፍ ያለች፥ በዚያው ሰሞን ደብተሯን ይዛ መጣች። ቤተ ሰቦቿም ማሽላ ነበራቸው። ጎረቤቴ በተቀመጠበት እንድታነብ ጠየቅኋት፤ አፈረች፤ ከዚያም አነበበች፤

ነፋስ መጣ፤
የማሽላ አገዳ
ዝም ብሏል።

አንበጣ የሚል ቃል የለበትም። ቅጠል የሌለው አገዳ በነፋስ እንደማይንሿሿ እርሻ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ልናገር ስል ጎረቤቴ ቀደመኝ። «ልጄ፥ ደግ ብለሻል» አላት፤ «ግን ዝም አላለም። ቅጠሉ ካለቀ በኋላ ሌሊት ሌሊት ነፋስ ሲመጣ አገዳው ያፏጭ ነበር። እኔ እዚያው ማማው ላይ አድሬ ሰምቸዋለሁ።»

ልጅቱ ጥቂት አሰበች፤ በጣቷ ቆጠረች፤ ከሥሩም ሌላ ጻፈች፤

ነፋስ መጣ፤
የማሽላ አገዳ
አፏጨብን።

«እንዲያ ነው» አለ ጎረቤቴ። ሁለቱም በደብተሯ ላይ አሉ። እኔ የፊተኛውን እመርጣለሁ፤ እርሱ የራሱን ይመርጣል፤ እርሷ ገና አልወሰነችም።